ወደ ግቢ የዞረው በር

ከእናቴ የወረስኩት አንድ ቤትና አንድ ባዶ ክፍል ነው። ክፍሉ ዋናው አስፋልት ዳር ነው። ቆቦ ውስጥ እንዲህ ያለ ቦታ ያለው ሰው ተከራይ አያጣም፤ ባጃጅ ደጁ ላይ ያራግፋል፣ ገበያው በእግር አምስት ደቂቃ አይሞላም። ሆኖም አስራ አምስት ዓመት ሙሉ የተከራየው የለም። ቤት ፈላጊ ከመጣም ጎረቤት ጆሮው ላይ አንድ ነገር ሹክ ይለዋል፣ እሱም "እሱስ ይቅርብኝ" ብሎ ይሄዳል። እኔም ያን ክፍል ባየሁ ቁጥር እናቴን እጠላት ነበር። ይህን ስናገር አፌን ይመረኛል፣ ግን እውነቱ ይህ ነው።

ነገሩ የሆነው የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። አባቴ ሳውዲ ከሄደ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። አንድ ቀን እማ ልብስ ስታጥብ ደወለ። እጇ አረፋ ስለነበር ስልኩን እኔ ጆሮዋ ላይ ያዝኩላት። አባቴ አንድ ነገር ሦስት ጊዜ ደጋግሞ አለ። እማ ሰማችና "መርሐባ፣ እሺ" ብላ ማጠቧን ቀጠለች። ኔትወርኩ እየተቆራረጠበት የደጋገመ መስሎኝ ነበር። ለካ እየፈታት ነው።

ከዚያ ወዲያ ነው ክፍሉን ለማከራየት ያሰበችው። ተከራዩን ያመጡልን ሼህ አብዱሰመድ ናቸው። የሰፈራችን የቅሬ አለቃ ነበሩ፤ ሰው ሲሞት የሚቀብረውም፣ የሚያስተዛዝነውም ቅሬው ነውና የሳቸው ቃል ሰፈራችን ውስጥ ከባድ ነው። ከኋላቸው አንድ ቀጭን ሰው ቆሟል፤ አንድ ሻንጣና አንድ የስፌት መኪና ይዟል፣ ዓይኑ መሬት ላይ ነው።

"ኡሙልኸይር፣ መህዲ ማለት ይህ ነው" አሉ ሼሁ። "ነገሩን ነግሬሻለሁ። እምቢ ብትይ ወላሂ አልቀየምሽም።"

እማ ሰውየውን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ።

"ቤቴ ከገባ አማና ነው፣ አደራዬ ነው፣ ሼህ። ይግባ" አለች።

"አማና ነው" አሉ ሼሁም። "አላህ ያግዝሽ።"

በማግስቱ ግንበኛ መጣ። በመንገዱ በኩል የነበረው በር በብሎኬት ተደፈነ፤ ወደ ግቢያችን ደግሞ አዲስ በር ተከፈተ። ለኔ ነገሩ ፀሐይ የሞቀው ሆነ። ተከራይ ወደ መንገድ ይወጣል፣ ቤተሰብ ወደ ግቢ ይወጣል፤ የስምንት ዓመት ሒሳቤ ይህ ነበር። ሼሁ "ነገሩን" ያሉት ጋብቻውን ነው፣ እማ እኔን ያየችኝም "አባት ይሁንሽ ወይ" ማለቷ ነው። በልቤ ይሁን አልኩ።

አሁን የማውቀውን ያኔ አላውቅም። የመህዲ የአጎት ልጅ በውሃ ጠብ ሰው ገድሎ ጠፍቶ ነበር። በኛ ቆላ ደም ከፈላ ገዳዩን ብቻ አይፈልግም፤ ከቤተሰቡ የሚያስቆጭ ሰው ይመርጣል። የሚያስቆጨው መህዲ ነበር፤ እጁ ላይ ደም የሌለበት፣ ሁሉ የሚወደው መህዲ። ሽማግሌዎች እርቁን ጀምረዋል፣ እስኪያልቅ ግን ሰውየው የሚሸሸግበት ቤት ያስፈልጋል። ሼሁ ያሰቡት አንዲት ፈት ሴት ቤት ማንም አይጠረጥርም ብለው ነው። ደግሞም ሴት ቤት ገብቶ ደም ማፍሰስ ለደመኛ እንኳ ነውር ነው። ወደ መህዲ መድረስ የፈለገ በእናቴ ግቢ ማለፍ ነበረበት። በሩ የዞረው ለዚህ ነው።

ጋሼ መህዲ ቀኑን ሙሉ ይሰፋል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ገና ከአጥሩ ውጭ የመኪናው ትርትርታ ይቀበለኛል። እማ ጨርቁን ከገበያ ሱቆች ትቀበላለች፣ የተሰፋውን መልሳ ትወስዳለች። እሱ አይወጣም። ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ሲቀመጥም አይቼው አላውቅም። ብርሃን ስለሚወድ ነው እል ነበር። ሙቀቱ ቆርቆሮውን ሲያንጣጣው እሱ ላቡን በክንዱ እየጠረገ ቁርጥራጭ ጨርቅ ይመርጥልኛል፣ እኔ አሻንጉሊት አለብስበታለሁ።

አንድ ቀን "ነይማ ኢቅራ፣ ቁሚልኝ" አለኝ። ሜትሩን ከትከሻዬ እስከ ጉልበቴ ለካ።

"ስንት ዓመትሽ ነው?"

"ስምንት።"

"ማሻአላህ። ልክ ነው እንግዲህ" አለና ፊቱን ወደ መኪናው አዞረ።

ነጭ አበባ ያለበት አረንጓዴ ቀሚስ ሰፋ። ለአንድ ሳምንት ልቤ ተንጠልጥሎ ከረመ። ቅዳሜ ዕለት ግን ቀሚሱን አጥፎ ላስቲክ ውስጥ ከተተው፤ ራሱን በሻሽ ሸፍኖ እኩለ ቀን ላይ፣ የቆቦ ሰው ከሙቀቱ ሸሽቶ ጥላ ሲገባ፣ ወጣ። አጥር ላይ ተንጠልጥዬ አየሁት። መንገድ ተሻግሮ ላስቲኩን ወደ ዋጃ ለሚሄደው ሚኒባስ ረዳት ሰጠና ፈጥኖ ተመለሰ። በየቅዳሜው እንዲህ ያደርጋል፤ አንዴ ቀሚስ፣ አንዴ ሱሪ፣ አንዴ የሕፃን ቆብ ይልካል። ለማን እንደሚልክ እማን ብጠይቃት "ለሰው" አለችኝ። ለሰርጉ ዘመዶቹን እያለበሰ ነው ብዬ ደመደምኩ። ዋጃ አጠገብ ሚስትና ልጆች እንዳሉት፣ ትልቋም እኩያዬ እንደሆነች፣ የለካው የሷን ቁመት በኔ ላይ እንደነበር ማን ይንገረኝ?

እማ ሁለት ነገር አስጠንቅቃኝ ነበር። አንደኛው "ስለ ጋሼ መህዲ ከልጆች ጋር አታውሪ" የሚል ነው። ሁለተኛው የቆየ ነው፣ እግሬ መሬት ከረገጠ ጀምሮ የነበረ፦ "ትልቅ ሰው ሲጠይቅሽ ተነሥተሽ መልሺ። ለሽማግሌ የዋሸ ልጅ አያድግም።" ሁለቱንም ጠብቄያለሁ። ከልጆች ጋር አንድ ቀን እንኳ አላወራሁም።

በዚያ ሰሞን የጎረቤታችንን የእትዬ አስካለን ልጅ መሠረትን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች መጥተው ነበር። ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ዘንግ ይዘው በሩ ላይ ሲቆሙ አይቻለሁ። ስለ ልጅቷ ጠባይ፣ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ሁሉም ጠየቁ። የተጠየቀ ሁሉ አሳምሮ መለሰ፤ መሠረትም ተዳረች።

ስለዚህ አንድ ሐሙስ ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ዘንግ የያዙ ሁለት ሰዎች የኛ አጥር በር ላይ ሲቆሙ ልቤ በደስታ ዘለለች።

እማ ከቅሬው ጋር ሮቢት ለቅሶ ሄዳ ነበር። ከጋሼ መህዲ ክፍል የመኪናው ትርትርታ ይሰማል። ተነሥቼ ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኳቸው።

"እሰይ፣ እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት" አለ አንደኛው። ጢሙ በሂና የቀላ ነበር። "እናትሽ የለችም ወይ?"

"ለቅሶ ሄዳለች።"

"አብሽሪ፣ እኛ ሌላ ቀን እናገኛታለን። እንግዳ አላችሁ አሉ?"

"እንግዳ አይደለም" አልኩ። ተከራይ ማለትም አሳፈረኝ፤ ሰው የሚናቅበት መሰለኝ። "ጋሼ መህዲ ነው።"

ሁለቱ አልተያዩም። ቢተያዩ ኖሮ ምናልባት እፈራ ነበር።

"ሸጋ ሰው ነው?"

"በጣም ሸጋ ነው። አይቅምም፣ አይቆጣም። ልብስ ይሰፋል።" ትንፋሼን ሰበሰብኩ። የእማ ዕድል በኔ አፍ ላይ ነው ብዬ ስላመንኩ አንድም እንዲቀር አልፈለግሁም። "ዟሪ አይደለም። ከቤት አይወጣም።"

"ምንም አይወጣ?"

"ቅዳሜ ብቻ። እኩለ ቀን ላይ ለዋጃው ሚኒባስ ዕቃ ይሰጥና ወዲያው ይመለሳል።"

"ክፍሉ ያ ነው?"

በጣት መጠቆም ነውር ስለሆነ በአገጬ አሳየኋቸው። ባለ ቀይ ጢሙ ሰውዬ እጁን ራሴ ላይ አሳርፎ "እደጊ፣ ተመንደጊ" ብሎ መረቀኝ። "ለእናትሽ ግን እንዳትነግሪያት። ሽማግሌ ቀድሞ አይወራበትም፣ አይደል?"

አይወራበትም። ይህን እኔም አውቃለሁ። ምስጢሩን ይዤ ሁለት ቀን ብቻዬን ስስቅ ከረምኩ።

ቅዳሜ ጠዋት እግሬን በሳሙና ታጥቤ ጠበቅሁ፤ ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ ብዬ። ጋሼ መህዲ የዚያን ዕለት ደስ ብሎት ነበር። እርቁ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶት እንደነበር በኋላ ሰምቻለሁ። ከአረንጓዴው ጨርቅ የተረፈውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ በጠመኔ እያሰመረ ቆረጠው።

"ይሄ ደግሞ ያንቺ ነው" አለኝ። "ከመንገድ ስመለስ እሰፋዋለሁ።"

ላስቲኩን ይዞ ወጣ። እማ ጥላ ሥር ምስር ትለቅም ነበር፤ ሲያልፍ "በሰላም ተመለስ" አለችው፣ እንደ ሁልጊዜዋ። ጥቂት ቆይቶ ከአስፋልቱ በኩል አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ጮኸ። ከባድ መኪና በሚያልፍበት መንገድ ጎማ መፈንዳቱ አዲስ አይደለምና እኔ ቀና እንኳ አላልኩም። እማ ግን ሰፌዱን ጣለችው። ምስሩ እግሬ ሥር ተበተነ። በባዶ እግሯ፣ ያለ ሻሽ ስትሮጥ አየኋት፤ እናቴ ያለ ሻሽ ከበር ወጥታ አታውቅም።

ተከትዬ ወጣሁ። ሰው ከቦ ስለነበር እሱን አላየሁትም። ያየሁት ላስቲኩን ነው፤ አስፋልቱ ላይ ተቀዶ ከውስጡ የትንሽ ልጅ ካልሲ ወጥቷል።

የዚያን ዕለት አመሻሹ ላይ እማ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ቀሚሷ ጉልበት ላይ ደሙ ደርቆ ጠቁሯል።

"ሰሞኑን ሰው መጥቶ ነበር፣ ኢቅራ?"

"ሽማግሌዎች" አልኩ እያለቀስኩ። "ላንቺ የመጡ። አሁን እኮ እሱ ሞተ፣ በቃ አያገባሽም።"

አንድ በአንድ ጠየቀችኝ፣ አንድ በአንድ መለስኩላት። እኔን ስትሰማ ፊቷ የሰው ፊት አይመስልም ነበር። ከዚያ ጉንጮቼን በሁለት እጇ ያዘች።

"ስሚኝ። ሽማግሌዎቹ ለኔ ነው የመጡት፣ እሺ? ግን ቀርቷል። እንደመጡ ለማንም አትንገሪ። አንቺም እርሺው።"

እሺ አልኳት፣ ረሳሁትም።

በሳምንቱ ቅሬው የሼህ አብዱሰመድ ግቢ ተሰበሰበ። የመህዲም ወገኖች መጡ። እኔ ከእትዬ አስካለ ነጠላ ሥር ተሸጉጬ ነበር። ፊት ለፊቴ ጥቁር የለበሰች ሴት ተቀምጣለች፤ አጠገቧ እኩያዬ የምትሆን ልጅ አለች። ልጅቷ የኔን ቀሚስ ለብሳለች። አረንጓዴው፣ ነጭ አበባ ያለበት፣ በኔ የተለካው፤ ልክክ ብሏታል። ቀናሁ። ለሟች የሚለቀስበት ቦታ ተቀምጬ በቀሚስ ቀናሁ።

"ይህ ሰው ከቤት የሚወጣበትን ሰዓት ለደመኞቹ የነገረ አለ" አሉ ሼሁ። "ያወቀ ይናገር። ዝም ቢባል ሰፈሩ በሙሉ ባለ ዕዳ ነው።"

እናቴ ተነሣች።

"እኔ ነኝ" አለች። "በሩን ያሳየሁት እኔ ነኝ።"

የሰዉን ጫጫታ አልረሳውም። ከሁሉ በላይ ግን ያቺን ጥቁር ለባሽ ሴት አልረሳትም። አልጮኸችም። "ሴትዮ፣ ምን አደረገሽ?" ብላ ጠየቀች፣ በእውነት መልስ የምትጠብቅ ትመስል ነበር። ከዚያ ሁለት እጇን ዘርግታ እናቴን ረገመቻት። ቀባሪ አይኑርሽ፣ ቤትሽ ሰው አይግባበት፣ የወለድሽው ይክዳሽ አለች። ሰዉ "አሚን" አለ። እኔም ከነጠላው ሥር ሆኜ አሚን አልኩ።

እማ ከቅሬ ወጣች። ውሃ ስትቀዳ ሴቶች ጀሪካናቸውን ያርቁባታል። ሱቅ ስትገባ ወሬ ይቆማል። በየሐሙሱ ያን ባዶ ክፍል ትጠርጋለች፣ በሩን ትከፍትና ንፋስ ታስገባለች፤ ተከራይ ግን የለም። በጦርነቱ ጊዜ እንኳ፣ ሰፈርተኛው ተጠራርቶ በአንድ ግቢ ሲሸሸግ፣ ከእትዬ አስካለ በቀር ኡሙልኸይር የት ናት ያለ አልነበረም። እኔ ያኔ ደሴ ነበርኩ። በአስራ ስድስት ዓመቴ አክስቴ ዘንድ ስሄድ ሚኒባሱ ውስጥ ሆኜ የመጨረሻ ያልኳት ይህ ነው፦

"እኔ ሰው የሸጠች እናት የለችኝም።"

"እሺ ልጄ" አለችኝ በመስኮቱ። "መንገዱ ሙቀት ነው፣ ውሃ ጠጪ።"

ስታድጊ እንዴት አላገናኘሽውም የሚለኝ ይኖራል። እኔም ራሴን እጠይቃለሁ። ሁለቱ ሽማግሌዎች የእማ የከሸፈ ጋብቻ ሆነው ልቤ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ያን ሳጥን የሚያስከፍተኝ ነገር አልነበረም። ወይም ነበረና አልፈለግሁም። ሰውን መጥላት ይመቻል፤ ሌላ ነገር ከማሰብ ያሳርፋል።

ባለፈው ዓመት እማ ታመመች ብለው ጠሩኝ። ሦስት ቀን አጠገቧ ተቀመጥኩ። ምንም አልነገረችኝም። እጄን ይዛ "ምነው፣ ከሳሽ" ብቻ አለችኝ። ስትሞት የሚቀብራት ሰው ከየት አመጣለሁ ብዬ ስጨነቅ ሼህ አብዱሰመድ በዘንጋቸው እየተደገፉ መጡ፤ ከኋላቸው ቅሬው በሙሉ። ሰዉ ምን ተብሎ እንደወጣ አላውቅም፤ ቀበሯት።

በሦስተኛው ቀን ሼሁ ብቻቸውን ተመልሰው መጡና ባዶው ክፍል ውስጥ ተቀመጡ።

"ከእንግዲህ የቤቱ ባለቤት አንቺ ነሽ" አሉኝ። "እናትሽ እኔ ዘንድ ያስቀመጠችው ቃል አለ። እሷ በሕይወት ሳለች አይወጣም ብላ አስምላኛለች።"

"ምን ቃል?"

"ደመኞቹን የነገረቻቸው እሷ አይደለችም።"

"ታዲያ ማነው?"

"ያኔ የመጡትን ሁለት ሽማግሌዎች ታስታውሻቸዋለሽ? አንደኛው ጢሙ በሂና የቀላ።"

ራሴ ላይ ያረፈው እጅ ትዝ አለኝ። እደጊ፣ ተመንደጊ። ያለሁበት ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

"ለምን ትሸከሚያለሽ፣ ልጅ ናት፣ ሰው ይረዳል ብያት ነበር" አሉ ሼሁ። "እምቢ አለች። 'የቤቱ ባለቤት እኔ ነኝ፣ ከቤቴ የወጣ ቃል የኔ ነው። ለሽማግሌ አትዋሺ ብዬ ያሳደግኋትም እኔ ነኝ። ሕፃን ደም ተሸክማ አታድግም' አለች። አማናውን የጣለችው እሷ እንደሆነች ነው ይዛ የሞተችው።"

ከሄዱ በኋላ ሳጥኗን ከፈትኩ። ከታች፣ በወረቀት ተጠቅልሎ፣ የተቆረጠው አረንጓዴ ጨርቅ ነበር፤ ሳይሰፋ፣ የጠመኔው መስመር እንኳ ሳይጠፋ። እንዲያ አልቅሼ አላውቅም።

በማግስቱ ጨርቁን ይዤ ወደ ዋጃ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ቤቱን ሰው አሳየኝ። አንኳኳሁ። በሩን የከፈተችው እኩያዬ ነበረች፤ ቁመቷ ዛሬም ከኔ ጋር እኩል ነው። ከውስጥ እናቷ "ማናት?" ብላ ጠየቀች።

"ኢቅራ እባላለሁ" አልኩ። "የቆቦዋ የኡሙልኸይር ልጅ ነኝ።"

የልጅቷ ፊት ተዘጋ። እጇ በሩን ሊገፋ ሲነሣ ጉልበቴን አጥፌ ደጃፉ ላይ ተንበረከክሁ።

"በሩን ያሳየሁት እኔ ነኝ" አልኩ። "እናቴ አይደለችም። እርግማኑን ከሷ ላይ አንሱላት።"